የሃይቲ ነዳጅ ዘይት፦ ከመሬት በታች ያለው ተስፋና ከመሬት በላይ ያለው ዝርፊያ

በካሪቢያን ባሕር ከሚገኙት ደሴቶች አንዷ የሆነችው የሂስፓኒዮላ ምዕራባዊ ሲሶ የሃይቲ ሕዝብ መኖሪያ ነው። ይህ ሕዝብ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ከሚገኙት ሁሉ እጅግ የደኸየ ስለመሆኑ የምዕራቡ ዓለም የዜና አውታሮች ሳይሰለቹ ይነግሩናል። ከዚሁ ጎን ለጎን ደግሞ ሌላ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቆይቷል። ይኸውም በሃይቲ ምድርና በባሕሯ ወለል ሥር ከቬኔዙዌላ የሚበልጥ የነዳጅ ዘይት ክምችት ተኝቷል፤ ኢምፔሪያሊስቶችም የሌላው አገር ዘይት እስኪያልቅ ድረስ ለክፉ ቀን ስንቅ እንዲሆናቸው ሆን ብለው ሳያስነኩት አቆይተውታል የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ቀላል አይደለም። በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይም ሆነ በፋብሪካ የሻይ ዕረፍት ላይ ስለ ዓለም ሁኔታ ሲወሳ «ድሃ የተባሉት አገሮች እኮ ሀብታሞች ናቸው» የሚለው አነጋገር ቶሎ ጆሮ ያገኛል። እኛም በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን ከካሪቢያን አካባቢ ከመጡ ወጣቶች አፍ ይህንኑ ታሪክ ሰምተነዋል። ሲናገሩት ፊታቸው ላይ የሚነበበው ስስት ሳይሆን ቁጭት ነበር። ስለዚህም ወሬውን በንቀት ማለፍ ተገቢ አይመስለንም። ይሁን እንጂ አንድ አባባል የጭቁን ሕዝብ ቁጭት ያዘለ በመሆኑ ብቻ እውነት ሊሆን አይችልም። መመርመር አለበት።

በመጀመሪያ ወሬው ከየት ተነሣ? በ2008 ሁለት የሃይቲ ተወላጅ ባለሙያዎች በአገራቸው ውስጥ እጅግ ከፍ ያለ የነዳጅ ዘይት ክምችት እንዳለና ከቬኔዙዌላው ጋር ሲነጻጸር የእነርሱ እንደሚበልጥ በይፋ ተናገሩ። በጥር 12 ቀን 2010 ደግሞ በሬክተር መለኪያ 7 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርት ኦ ፕሬንስን አፈራረሰ። የሃይቲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ አድርሶታል። ፍርስራሹ ገና ሳይነሣ፣ በዚያው ወር መጨረሻ፣ መንቀጥቀጡ የከርሰ ምድሩን ስንጥቆች ከፍቶ ዘይትና ጋዝ ወደ ላይ አቅርቦ ሊሆን ይችላል የሚል አስተያየት በምዕራቡ የንግድ ዜና ወኪሎች ተሰራጨ። የአሜሪካ ወታደሮች በብዛት ወደ ሃይቲ መግባታቸውም በዚሁ ጊዜ ነበርና ሁለቱ ነገሮች በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ በቀላሉ ተገናኙ። ወታደሩ የመጣው ለዘይቱ ነው ተባለ።

እንግዲህ ቁጥሮቹን እንመልከት። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ድርጅት በ2000 ባወጣው ግምት ኩባ፣ ሃይቲ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ፖርቶ ሪኮ ከነባሕራቸው በአንድነት ገና ያልተገኘ 142 ሚሊዮን በርሜል ያህል ዘይት ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ግምቱ እጅግ ከፍ ቢደረግ 941 ሚሊዮን በርሜል ሊደርስ እንደሚችል ገልጿል። ቬኔዙዌላ ግን 300 ቢሊዮን በርሜል ገደማ የተረጋገጠ ክምችት አላት ይባላል። ስለዚህ ለአራቱ አገሮች በአንድነት የተሰጠው ከፍተኛው ግምት እንኳ ከቬኔዙዌላው ሦስት መቶ እጅ አንዱን አይሞላም። ዓለም በአሁኑ ጊዜ በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ያህል ትጠቀማለች። 142 ሚሊዮኑ ለአንድ ቀን ተኩል እንኳ አይበቃም፤ 941 ሚሊዮኑም ዐሥር ቀን አያደርስም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል፤ ወሬው የሚፋፋው በእነዚህ መደባለቅ ነውና። አንዱ «የተረጋገጠ ክምችት» ሲሆን ተቆፍሮ፣ ተለክቶ፣ በጊዜው ዋጋ ቢወጣ እንደሚያዋጣ የታወቀ ዘይት ነው። ሌላው «ያልተገኘ ሀብት» ሲሆን የድንጋዩን ዓይነት፣ ዕድሜና አቀማመጥ በማጥናት ሊኖር ይችላል ተብሎ የሚገመት ነው። ገበሬው ልዩነቱን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው በጎተራ የገባ እህል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ገና ያልታረሰ ማሳ። ያልታረሰውን ማሳ ቆጥሮ ልጁን የሚድር ገበሬ የለም።

ግምት ደግሞ ይለዋወጣል። ይኸው ድርጅት በ2004 ለሰሜን ኩባ የባሕር ጠረፍ ብቻ 4.6 ቢሊዮን በርሜል የሚደርስ ያልተገኘ ዘይት ገምቶ ነበር። በ2012 ግን የስፔን፣ የማሌዢያና የቬኔዙዌላ ኩባንያዎች በየተራ በጥልቁ ባሕር ሦስት ጉድጓዶች ቆፍረው ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሳያገኙ ቀሩ፤ መቆፈሪያው መድረክም የኩባን ውኃ ለቆ ሄደ። ኩባ ዘይት እንዲገኝ የሚመኝ መንግሥት ነበራት፤ ቆፋሪዎቹም የአሜሪካ ኩባንያዎች አልነበሩም። አለቱ ግን ለማንም አላዳላም።

በሃይቲም ከ1940ዎቹ አንሥቶ በማዕከላዊው አምባና በኩል ደ ሳክ ሜዳ በመሳሰሉት ሥፍራዎች በጣት የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ለንግድ የሚበቃ ዘይት አልተገኘም። ይህ ማለት ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም፤ የጎናቭ ባሕረ ሰላጤ ወለል በሚገባ አልተፈተሸም፤ በደለል ድንጋይ የተሞሉ ተፋሰሶችም አሉ። ይሁንና ዘይት እንዲጠራቀም ዘይቱን የሚያመነጭ አለት፣ የሚይዘው ቀዳዳማ አለትና እንዳያመልጥ የሚከድነው አለት በአንድ ሥፍራ መገናኘት አለባቸው። ሃይቲ ያለችበት ምድር ደግሞ የካሪቢያንና የሰሜን አሜሪካ የምድር ቅርፊቶች የሚፋተጉበት፣ አለቱ የተሰባበረና የተጣመመ አካባቢ ነው። ክዳኑ በተሰነጠቀ ማሰሮ ቅቤ አይነጠርም።

«እንዲያማ ከሆነ የደበቁት ለዚህ ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የኢምፔሪያሊዝም ጠላት ነን የምንል ሰዎች ይህን አባባል ከሌላው ይበልጥ በጥንቃቄ ልናየው ይገባናል፤ ምክንያቱም ከኢምፔሪያሊዝም ባሕርይ ጋር አይስማማም። የነዳጅ ሞኖፖሎች ለልጅ ልጅ የሚያስቡ ቆጣቢ አባወራዎች አይደሉም። ባገኙበት ይቆፍራሉ። ማስረጃው እዚያው ሰፈር ነው። የካሪቢያን አገሮች ማኅበረሰብ አባል በሆነችው ጋያና የአሜሪካው ኤክሶን ሞቢል በግንቦት 2015 በጥልቅ ባሕር ዘይት አገኘ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2019፣ የመጀመሪያው በርሜል ወጣ። በ2024 በቀን ከ600 ሺህ በርሜል በላይ ይመረት ነበር። ሃይቲ ከቬኔዙዌላ የሚበልጥ የታወቀ ክምችት ቢኖራት ኖሮ እነዚህ ኩባንያዎች ሰማንያ ዓመት በትዕግሥት ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር ማለት ስግብግብነታቸውን አለማወቅ ነው።

ወረራውንም ቢሆን ለማስረዳት ዘይት አያስፈልግም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች በታኅሣሥ 1914 ከሃይቲ ብሔራዊ ባንክ 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ በሣጥን አሸክመው በጦር መርከብ ወደ ኒውዮርክ ሲወስዱ ያሳሰባቸው የባንክ ዕዳ ነበር። በሐምሌ 1915 አገሪቱን በሙሉ ይዘው እስከ 1934 ድረስ ሲገዙም የጉምሩኩን ገቢ ለአበዳሪዎች ማዋል፣ ወደ ፓናማ ቦይ የሚወስደውን የባሕር መንገድ መጠበቅና መሬቱን ለውጭ ከበርቴ መክፈት ነበር ዓላማቸው። የሃይቲ አባቶች ከነጻነት ማግስት ጀምሮ የውጭ ሰው መሬት እንዳይገዛ የደነገጉትን ክልከላ በወራሪው ጥበቃ ሥር የወጣው የ1918 ሕገ መንግሥት ሻረው። ገበሬው በግዳጅ መንገድ ይሠራ ነበር። ያመጸውም ሻርለማኝ ፔራልት በ1919 ተገደለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ዘይት ያወሳ አልነበረም።

ከዚያ በፊትስ? በጥር 1 ቀን 1804 የሃይቲ ባሮች የናፖሊዮንን ጦር ደምስሰው ነጻነታቸውን አወጁ። በ1825 የፈረንሳይ ንጉሥ 14 የጦር መርከቦች ልኮ ነጻነታችሁን እንዳውቅላችሁ ከፈለጋችሁ ለቀድሞ የመሬትና የባሪያ ባለቤቶች ካሣ የሚሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለ። ባሪያው ለራሱ ገላ ዋጋ እንዲከፍል ተፈረደበት ማለት ነው። ገንዘቡ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም የመጀመሪያውን ክፍያ ለመፈጸም ከፈረንሳይ ባንኮች መበደር ግድ ሆነ፤ በዕዳ ላይ ዕዳ ተደራርቦ ከዚሁ የመነጨው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። በ2022 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ መዛግብቱን አገላብጦ ባሳተመው ስሌት የተከፈለው ገንዘብ በዛሬው ዋጋ 560 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ገንዘቡ በአገሪቱ ውስጥ ቀርቶ ቢሠራበት ኖሮ ሊያስገኝ ይችል የነበረው ግን ከ21 ቢሊዮን ዶላር እንደማያንስ ተገምቷል። በሚያዝያ 2025፣ ትእዛዙ ሁለት መቶ ዓመት በሞላው ዕለት፣ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጉዳዩን የሚያጠና የሁለቱ አገሮች የታሪክ ሊቃውንት ኮሚሲዮን እንደሚቋቋም አስታወቁ። ስለመመለስ ግን ቃል አልገቡም።

እንግዲህ የሃይቲ ድህነት ምክንያት በሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት መፈለግ አያሻውም። በደረሰኝ የተመዘገበ ነው።

አሁን ወደ ነዳጁ እንመለስ፤ የሃይቲ እውነተኛው የነዳጅ ታሪክ ያለው በጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን በወደቡ ላይ ነው። ሃይቲ የምትጠቀምበትን ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። አብዛኛው ሕዝብ ምግቡን የሚያበስለው በከሰልና በእንጨት ነው፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሪክ መብራት የለውም፤ ማታ ማታ ኩራዙን የሚያበራው በላምባ ነው። በፔሊግር የተሠራው ግድብ በ1950ዎቹ ተጠናቆ መብራት ማመንጨት የጀመረው በ1971 ነው፤ የተራቆቱት ተራሮች አፈር እየሞላው ኃይሉ ተዳክሟል። ስለዚህ የላምባና የናፍጣ ዋጋ በሃይቲ የኑሮ ዋጋ ማለት ነው።

በ2005 የቬኔዙዌላው ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ ፔትሮካሪብ የተባለውን ስምምነት ለአካባቢው አገሮች አቀረቡ። የሃይቲው ፕሬዚዳንት ሬኔ ፕሬቫል ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ በግንቦት 2006፣ ፈረሙት። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ሃይቲ ከምትረከበው ነዳጅ ዋጋ ከፊሉን ቶሎ ትከፍላለች፤ ቀሪው በ25 ዓመት ውስጥ በ1 ከመቶ ወለድ የሚከፈል ብድር ይሆናል። መንግሥት ነዳጁን ለአከፋፋዮች በሙሉ ዋጋ ይሸጥና ልዩነቱን ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለመንገድ ያውለዋል። ለአንዲት ድሃ አገር ከዚህ የተሻለ ውል ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

የአሜሪካ ኤምባሲና በሃይቲ ነዳጅ ያከፋፍሉ የነበሩት ኤክሶን ሞቢልና ሼቭሮን ግን አልወደዱትም። በ2011 ይፋ የወጡት የኤምባሲው ምሥጢራዊ መልእክቶች ኤምባሲው ስምምነቱን ለማሰናከል እንደጣረ፣ ኩባንያዎቹም የፔትሮካሪብን ነዳጅ አንቀበልም ብለው እንዳንገራገሩ ያሳያሉ። በእነዚሁ መልእክቶች ውስጥ ሃይቲ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ልታድን እንደምትችል ተጠቅሷል። አቅርቦቱ የተጀመረው ከሁለት ዓመት መጓተት በኋላ በ2008 ነው። ልብ በሉ፤ የተደበቀ ዘይት የሚፈልግ ሰው ይህን የወጣ ሰነድ ቢያነብ የሚፈልገውን ሴራ እዚያው ያገኘው ነበር፤ ሴራው ግን ስለ ሃይቲ ዘይት ሳይሆን ወደ ሃይቲ ስለሚገባ ዘይት ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ለውጭ ጠላት ብቻ የሚለጠፍ አይደለም፤ ይህን መሸሸግ ለማንም አይበጅም። በፔትሮካሪብ አማካይነት ሃይቲ እስከ 2018 ድረስ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተበደረች። በሕዝቡ ቁጥር ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሕፃንና ሽማግሌ 180 ዶላር ያህል ይደርሳል። ገንዘቡ የት ደረሰ? የአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በ2016ና በ2017፣ ከፍተኛው የሂሳብ ምርመራ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2019 ባወጧቸው ዘገባዎች ያለ ጨረታ የተሰጡ ውሎች፣ የተጋነኑ ዋጋዎች፣ ተጀምረው የቀሩ ሕንጻዎች ተዘርዝረዋል። ለአንድ መንገድ ጥገና ሁለት ኩባንያዎች ተከፍለው ተገኝተዋል፤ ከሁለቱ አንደኛው ጆቨኔል ሞይዝ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ይመሩት የነበረ ነው። እርሳቸው ጥፋት አልፈጸምኩም ብለው አስተባብለዋል። ቢሮክራሲያዊው ከበርቴና አቀባባዩ ከበርቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከቬኔዙዌላ ሕዝብ የመጣውን እርዳታ ዕዳ አድርገው ለሃይቲ ሕዝብ አስረከቡት። ዕዳው የሕዝብ፣ ገንዘቡ የጥቂቶች ሆነ።

በሐምሌ 2018 ደግሞ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት የነዳጅ ድጎማውን ለማንሣት ተነሣ። ብራዚል ከቤልጅግ ጋር በዓለም ዋንጫ በምትጫወትበት ሰዓት፣ ሕዝቡ በኳስ ተይዞ ሳለ፣ የዋጋው ጭማሪ ታወጀ፤ ቤንዚን በ38 ከመቶ፣ ናፍጣ በ47 ከመቶ፣ ላምባ በ51 ከመቶ። አንባቢ ቁጥሮቹን ደጋግሞ ይያቸው። ባለ መኪናው 38፣ ኩራዝ የሚያበራው 51። ብራዚል ተሸነፈች፤ ሕዝቡም ወደ መንገድ ወጣ። በማግሥቱ ጭማሪው ታገደ፤ ከሳምንት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በነሐሴ ወር ወጣቶች «የፔትሮካሪብ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በካርቶን ላይ ጽፈው አነሡ፤ ጥያቄው በጥቂት ቀናት ውስጥ የአገር ጥያቄ ሆነ። በእኛ አስተያየት በቅርቡ የሃይቲ ታሪክ ውስጥ ስለ ነዳጅ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። ስለ ተሰወረ ሀብት አልጠየቁም፤ ስለ ተፈረመ ደረሰኝ ጠየቁ።

መልሱ ሳይመጣ ነገሩ ከፋ። ሞይዝ በሐምሌ 7 ቀን 2021 በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። በመስከረም 2022 በምትካቸው አገሪቱን ያስተዳድሩ የነበሩት አሪየል ሄንሪ ድጎማውን እንደገና በማንሣት የቤንዚኑን ዋጋ በጋሎን ከ250 ወደ 570 ጉርድ፣ የላምባውን ከ352 ወደ 665 ጉርድ እንዲወጣ አወጁ። በዚሁ ሰሞን የታጠቁ የወሮበላ ቡድኖች ግንባር በዋና ከተማዋ የሚገኘውን የቫሮ የነዳጅ ማከማቻ ከበበ። አብዛኛው የአገሪቱ ነዳጅ የሚከማቸው እዚያ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኮንቴይነር ተገትሮ፣ ቦቴዎች መውጫ አጡ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሆስፒታሎች ጄኔሬተራቸውን አጠፉ፤ የመጠጥ ውኃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ በዚሁ መካከል ኮሌራ ተመልሶ መጣ። ይህ ኮሌራ በ2010 በተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ሰፈር በኩል ገብቶ ወደ 10 ሺህ ሰው የፈጀው በሽታ መሆኑን በቅንፍ እንለፈው። በኅዳር ፖሊስ ማከማቻውን አስለቀቀ።

ወሮበላው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለብቻው ጽሑፍ የሚፈልግ ነው። ባጭሩ ግን ፖለቲከኛውና ባለ ወደቡ ነጋዴ ለምርጫና ለንብረት ጥበቃ ያስታጠቁት ሥራ አጥ ወጣት ውሎ አድሮ ጌታውን አልፎ የራሱን ኬላ ተከለ። ካናዳ በ2022 መጨረሻ ሦስት ታላላቅ የሃይቲ ነጋዴዎችን ለታጣቂዎች ድጋፍ ሰጥታችኋል ብላ ማዕቀብ ጥላባቸዋለች። በ2024 በአመጹ ምክንያት ከ5,600 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል፤ በ2025 አጋማሽ ከቤታቸው የተፈናቀሉት 1.3 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። በሰኔ 2024 በኬንያ የሚመራ የፖሊስ ኃይል ገባ፤ በመስከረም 2025 ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት በእርሱ ምትክ ተለቅ ያለ ኃይል እንዲቋቋም ወሰነ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሃይቲ ግን ለእኛ ባዕድ ሆና አታውቅም። የሃይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቫን በ1897 የአድዋን ድል ሰምቶ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መጥቷል። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ የሃይቲ መልእክተኛ የነበሩት ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ታላላቆቹ መንግሥታት አፋቸውን ባሟሟሹበት ሰዓት ተነሥተው፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ ማናቸውም አገር አንድ ቀን ለሌላው ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። ከእኛ ምንም የማይፈልግ የድሃ አገር ድምፅ ነበር። ስለዚህ ስለ ሃይቲ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ መናገር ቢያንስ የውለታ ጉዳይ ነው።

ዘይት ቢገኝስ? ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋያናን እንደገና እንይ። በ2016 ከኤክሶን ሞቢልና ከሸሪኮቹ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት ከሚወጣው ዘይት እስከ 75 ከመቶ ድረስ ለኩባንያዎቹ ወጪ መመለሻ ይያዛል፤ የቀረው 25 እኩል ይካፈላል፤ በዚህ ላይ 2 ከመቶ ሮያሊቲ ይጨመራል። ስለሆነም ወጪው ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ ከ100 በርሜል የአገሪቱ ድርሻ 14 ተኩል ነው። ይህን የፈረመችው የተመረጠ ምክር ቤት፣ የሚሠራ ፍርድ ቤትና ከአንድ ሚሊዮን በታች ሕዝብ ያላት አገር ናት። በትሪኒዳድ ደግሞ ዘይት ለገበያ መውጣት የጀመረው በ1908 ሲሆን በ1937 የፋይዛባድ ሠራተኞች በቱባል ዩሪያ በትለር መሪነት ሥራ አቁመው፣ እንግሊዝም የጦር መርከቦቿን አምጥታ፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው የነዳጅ ሠራተኞች ማኅበር የተቋቋመውና ደመወዙም መንቀሳቀስ የጀመረው። ሠላሳ ዓመት ያህል ዘይቱ ሲወጣ ሠራተኛው በነበረበት ነበር።

ሃይቲም ብትሆን ማዕድን ወጥቶባት አያውቅም ማለት አይቻልም። የአሜሪካው ሬይኖልድስ ኩባንያ ከሚራጓን አካባቢ ለአሉሚኒየም የሚሆን ቦክሳይት ሲያወጣ ኖሮ በ1982 ሥራውን ዘግቶ ሄደ። በጎናኢቭ አጠገብም እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መዳብ ይቆፈር ነበር። ቀይ ጉድጓድ ቀረ፤ ፋብሪካ አልቀረም። በ2012 ደግሞ በሰሜኑ ተራሮች 20 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ሊኖር ይችላል ተባለና ለሁለት ኩባንያዎች የማውጣት ፈቃድ ተሰጠ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ስለ ውሉ አንዳች የቀረበላቸው እንደሌለ ገልጸው በየካቲት 2013 ሥራው እንዲቆም ወሰኑ። ያኔ ቢያንስ «ቁም» የሚል ምክር ቤት ነበር።

የሃይቲ የማዕድን ሕግ በዱቫልዬ ልጅ ዘመን በ1976 የወጣ አዋጅ ነው። እርሱን ለመተካት በዓለም ባንክ እርዳታ በ2014 የተዘጋጀው ረቂቅ በምክር ቤት አልጸደቀም። በጥር 2023 የመጨረሻዎቹ ዐሥር የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ዘመናቸው አብቅቶ ሲሰናበቱ በአገሪቱ ሕዝብ የመረጠው አንድም ባለሥልጣን አልቀረም። በዚያን ጊዜ አንድ ኩባንያ መጥቶ በጎናቭ ባሕረ ሰላጤ ዘይት አገኘሁ ቢል ኖሮ ውሉን በሕዝቡ ስም አንብቦ «ይህ አንቀጽ ይሰረዝ» የሚል አልነበረም፤ የወጣውም በርሜል ከወደቡ ወደ ከተማው ሲጓዝ በታጣቂው ኬላ ቀረጥ ከፍሎ ነበር የሚያልፈው።